ያገለገለ ፕራዶ ወይስ ኤሌክትሪክ አይዲ 4? ለጎንደር መንገድ የተዘጋጀ የደህንነት ንጽጽር

ጎንደር ውስጥ ደህና ገንዘብ ይዞ ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚያመነታው በሁለት መኪኖች መካከል ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ሆኗል። የነዳጁ ደግሞ ቀድሞ ገብቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የቆየው ነው። ከመጀመሪያው ወገን በብዛት የሚታየው ቻይና ውስጥ የተሠራው ቮልስዋገን አይዲ 4 ሲሆን፣ ከሁለተኛው ወገን ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፕራዶ 150 ነው። በእኛ ገበያ ሁለቱም የቅንጦት መኪና ተብለው ይጠራሉ፤ ዋጋቸውም ይህንኑ ይመስላል።

ደላላው ስለ ፕራዶ ደህንነት ሲጠየቅ “ብረት ነው” ይላል። ስለ አይዲ 4 ሲጠየቅ “አምስት ኮከብ ነው” ይላል። ሁለቱም መልሶች ለገዢው የሚነግሩት ነገር ጥቂት ነው። ይህ መመሪያ ደህንነትን ብቻ ይመለከታል። ስለ ነዳጅ ወጪ፣ ስለ ዳግም ሽያጭ ዋጋና ስለ ወንበር ቆዳ የሚያወራ ሰው በየካፌው አይጠፋም።

በምን እንመዝናቸው?

መመዘኛውን የሚያወጣው የምንነዳበት መንገድ ነው። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚያደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 2,800 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር የሚገባ ጠጠር መንገድ ይጠብቀዋል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ዛሪማ የሚሄድ ደግሞ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ ይወርዳል፣ በክረምት ጉም ጭምር። በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚሄደው ከደጋ ወደ ቆላ የሚያወርድ ነው። በማክሰኝትና በአዲስ ዘመን አልፎ ባሕር ዳር የሚያደርሰው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀለል ይላል፤ እሱም ቢሆን በገበያ ቀን ሰው፣ አህያና ከብት አብረው የሚጓዙበት አስፋልት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የመረጥኳቸው መመዘኛዎች አምስት ናቸው፦ በረጅም ቁልቁለት ላይ የፍሬን አስተማማኝነት፣ መንሸራተትንና መገልበጥን መከላከል፣ ግጭት ሲደርስ በሁሉም ወንበር ላይ ያለውን ተሳፋሪ መጠበቅ፣ ከመኪናው ውጭ ላለው እግረኛና ባለ ባጃጅ መራራት፣ መንገድ ላይ አለመቅረት። የመጨረሻው በካታሎግ ላይ የደህንነት መሣሪያ ተብሎ አይጻፍም። ማታ ከከተማ ውጭ መቆም በማይመከርበት አካባቢ ግን ከኤርባግ እኩል ይቆጠራል።

መጀመሪያ ስለ ኮከቡ

አይዲ 4 እ.ኤ.አ. በ2021 በአውሮፓው የመኪና ደህንነት ፈታኝ በዩሮ ኤንካፕ ተፈትኖ አምስት ኮከብ አግኝቷል። ውጤቱ ለአዋቂ ተሳፋሪ 93 በመቶ፣ ለሕፃናት 89፣ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ 76፣ ለአሽከርካሪ አጋዥ መሣሪያዎች 85 ነበር። ጥሩ ውጤት ነው። የተፈተነው ግን ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ነው። ወደ እኛ የሚመጡት “ክሮዝ” እና “ኤክስ” የሚባሉት ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ወንድሞቹ ናቸው፤ የመሣሪያ ዝርዝራቸውም እንደየደረጃቸው ይለያያል።

ፕራዶ 150ም የራሱ አምስት ኮከብ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የሚሠራው ኤኤንካፕ የሰጠው ነው። በዚያ ገበያ የሚሸጠው ፕራዶ ሰባት ኤርባግ ነበረው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ከመጡት መካከል ደግሞ ከፊት ሁለት ኤርባግ ብቻ ያላቸው አሉ። ስሙ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ ውስጡ ግን ሌላ። በዚያ ላይ ፈተናው ከዓመት ዓመት እየጠበቀ ስለሚሄድ የ2011 አምስት ኮከብና የ2021 አምስት ኮከብ እኩል አይደሉም።

ስለዚህ ኮከቡን ይተዉና ፊትዎ የቆመውን መኪና ይቁጠሩ። ኤርባግ ያለበት ቦታ ሁሉ “ኤርባግ” የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀርጾበታል፦ በመሪው መሐል፣ ከጓንት ሳጥኑ በላይ፣ በፊት ወንበሮቹ የውጭ ጎን፣ በጣሪያው ጠርዝ ምሰሶዎች ላይ። በጣሪያው ጠርዝ ካላገኙት የመጋረጃ ኤርባግ የለውም፤ መኪናው ከጎን ሲመታ ወይም ሲገለበጥ ጭንቅላትን የሚያተርፈው ደግሞ እሱ ነው። ቀጥሎ ቁልፉን ይክፈቱ። የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ጨርሶ ካልበራ ይባስ ጥርጣሬ ውስጥ ይግቡ፤ ከአደጋ በኋላ የፈነዳውን ኤርባግ ሳይተኩ መብራቱን ያጠፉ ሰዎች አሉና። በቀበቶው ግርጌ በተሰፋው ምልክት ላይ ያለው የምርት ዓመት ከመኪናው ዓመት በጣም ከራቀም መኪናው ትልቅ አደጋ አይቶ ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁ።

ቁልቁለቱ

ሁለቱ መኪኖች በጣም የሚለያዩት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልቆይበት።

2,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይለቃል። ይህ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ገደማ ሲጋግር የሚፈጀው ነው። ጉልበቱ የግድ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። አሽከርካሪው ፍሬኑን ብቻ ከረገጠ ሁሉም ሙቀት ሆኖ ዲስኩና ሸራው ላይ ያርፋል። የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ፣ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚቆይ፣ በሙቀቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል።

ፕራዶ ለዚህ ያለው መልስ የቆየና የተፈተነ ነው። በማርሽ ይያዛል፤ አውቶማቲኩም ቢሆን በእጅ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይወርዳል። በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን አለው። አራቱን ጎማ በዝግታ የሚያስኬድ ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽም አለው። በብዙዎቹ ላይ ያለው የቁልቁለት መቆጣጠሪያ በጣም ቀጥ ባለ የጠጠር ቁልቁለት መኪናውን በራሱ እየያዘ ያወርደዋል። ለሳንቃበር መንገድ ጥሩ ነው፤ ለአስፋልት ቁልቁለት ግን አልተሠራም፣ እዚያ ሥራው የማርሹ ነው።

የአይዲ 4 መልስ ሌላ ነው፤ መንገዱ ተስማሚ ሲሆን ደግሞ የተሻለ ነው። የማርሽ መምረጫውን ወደ “ቢ” ሲያዞሩት ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና የቁልቁለቱን ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሳል። ፍሬኑ ሳይግል፣ ሸራው ሳይበላ ይወርዳሉ። በ“ዲ” ላይ ትተውት ከወረዱ ግን እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሡ በነጻ ይንሸራተታል፤ ለቁልቁለት የሚያስፈልገው ይህ አይደለም።

ወጥመዱ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ይመጣል። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ መቀበል ስለማይችል ጄኔሬተሩ ይዳከማል፤ መኪናው የሚቀየር ማርሽ ስለሌለው ደግሞ በማርሽ መያዝ የሚባል ነገር የለም። የቀረው ተራው ፍሬን ብቻ ነው፣ እሱም ከኋላ በኩል ዲስክ ሳይሆን ሙቀቱን ቶሎ የማያስወጣው ታምቡር ነው። ኩባንያው ታምቡር የመረጠው ፍሬኑ ብዙ ስለማይሠራ እንዳይዝግ ብሎ ነው፤ በሜዳ ላይ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ደባርቅ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ፣ አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ጠዋት ሊማሊሞን ለሚወርድ መኪና ግን ነገሩ ይለያል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከቁልቁለት በፊት ከ80 በመቶ በላይ አይሙሉት። ይህን ለሚስትም፣ ለባልም፣ ለቅጥር ሾፌርም መንገር ያስፈልጋል፤ ከተለመደው “ሙሉ አድርገህ ውጣ” ከሚለው ምክር ጋር ስለሚጋጭ ይረሳል።

መንሸራተትና መገልበጥ

የአይዲ 4 ባትሪ ወለሉ ሥር ተነጥፎ ስለሚተኛ ክብደቱ ወደ መሬት የቀረበ ነው። በጥምዝምዝ ላይ የመገልበጥ ዝንባሌው ከፕራዶ በግልጽ ያነሰ ነው። ፕራዶ ቁመቱ ረጅም ነው፤ በዚያ ላይ የእኛ ሰው ጣሪያው ላይ ፖርታ ባጋልዮ አስገጥሞ ጤፍና ፍራሽ ሲጭንበት ይባስ ይረዝማል። ስለዚህ በፕራዶ ላይ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ቅንጦት አይደለም። በአንዳንድ ዝቅተኛ ደረጃ ፕራዶዎች ላይ ግን ላይኖር ይችላል። ካለው፣ ቁልፉን ሲከፍቱ ከኋላው የጎማ ዱካ የተጠማዘዘበት የመኪና ሥዕል ያለው መብራት ይበራል። ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ብቻ ያለው ሆኖ ከተገኘ፣ በእኔ ሚዛን ያ ፕራዶ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ለቤተሰብ አይገዛም።

ከአስፋልት ሲወጡ ሚዛኑ ይገለበጣል። ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሲሆን ከመሬት ወደ 22 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፤ 70 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ እንዲሻገር ተደርጎ ነው የተሠራው። አይዲ 4 ወደ 17 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ በብዛት የሚገኘውም በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ነው። ከሥሩ ያለው ደግሞ ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃ፣ ባትሪው ነው። የባትሪው መከላከያ ጠንካራ ቢሆንም ድንጋይ በገጨው ቁጥር ወደ ጋራዥ ወስዶ ከሥር ማሳየት ግድ ይላል። በክረምት ጭቃ ላይ ስለሚሆነው ብዙ ማለት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 10 በመቶ ኃይሉን ያጣል። 2.7 ሊትሩ ቤንዚን ፕራዶ ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ ከኃይሉ ሩብ ያህሉ የለም፤ ከጭነት መኪና ጀርባ ወጥቶ ለመቅደም የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፣ ከፊት የሚመጣው አውቶቡስ ደግሞ አይጠብቅም። ቱርቦ ያለው ናፍጣ ይሻላል። አይዲ 4ን ከፍታው አይነካውም።

ከውስጥ ያሉት፣ ከውጭ ያሉት

ከፊትና ከሁለተኛው ረድፍ ለተቀመጡ፣ ሙሉ መሣሪያ ያለው አይዲ 4 ከማንኛውም ፕራዶ 150 የዘመነ ጥበቃ ይሰጣል ብዬ ደፍሬ እናገራለሁ። የአካሉ አሠራርና የተፈተነበት መለኪያ የአሥር ዓመት ልዩነት አለው። “ብረት ነው” የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም፤ የሁለቱ ክብደት ተቀራራቢ ነው፣ ብረቱ ሳይተጣጠፍ ሲቀር ደግሞ ምቱን የሚቀበለው የተሳፋሪው ደረት ነው።

ሆኖም አይዲ 4 አምስት ሰው ነው የሚጭነው። አያት፣ ልጆችና ሠራተኛ ተደምረው ሰባት የሚሆኑበት ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች በሰው ጭን ላይ ከተቀመጡ የዩሮ ኤንካፕ 89 በመቶ ትርጉም የለውም። ለሰባት ሰው ሰባት ቀበቶ ያለው ፕራዶ ይበልጣል። የፕራዶ ሦስተኛ ረድፍ ለኋላው በር በጣም ቅርብ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ፤ እዚያ ለማስቀመጥ ያሰቡት ልጅ ከሆነ ቀበቶዎቹ እየተሳቡ በድንገት ሲጎተቱ መቆለፋቸውን፣ የጭንቅላት መደገፊያውም መኖሩን ራስዎ ይሞክሩ።

ውጭ ላለው ሰው ደግሞ ሁለቱም ነውር አላቸው። የፕራዶ አፍንጫ ከፍ ያለና ቀጥ ያለ ነው፤ የብረት መከላከያ ከፊት ካስገጠሙበት እግረኛን የሚመታው ብረቱ ይሆናል፣ ያስወልቁት። በራሱ ፍሬን የሚይዘው የግጭት መከላከያ ወደ ፕራዶ በስፋት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከተደረገው ማሻሻያ ጋር ነው፤ በሁሉም ገበያ ግን አልገባም። ከፊት መስታወቱ ላይኛው መሐል ካሜራ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው የለም ማለት ነው። በአይዲ 4 ላይ በብዛት ይገኛል። የአይዲ 4 ነውር ድምፁ ነው፦ በዝግታ ሲሄድ ብዙም አይሰማም። ፒያሳ ላይ በሰው መሐል፣ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ወደ ቀሃ በሚወርደው ሕዝብ መሐል ሲነዳ ሰው ዞር ብሎ አያየውም።

መስመር ጠባቂ የሚባለውን መሣሪያ ሻጮች ያወድሱታል። የተቀባ መስመር ካላየ አይሠራም፤ ግማሹ የጠፋ መስመር ሲያይ ደግሞ መሪውን ያለጊዜው ሊጎትት ይችላል። ስለዚህ ነጥብ አልሰጠሁበትም።

መንገድ ላይ መቅረት

ፕራዶ መለዋወጫ ጎማ ይዞ ይሄዳል፣ ነዳጅ ከተገኘ ይሞላል፣ በየከተማው የሚያውቀው መካኒክ አለ። አይዲ 4 ብዙውን ጊዜ መለዋወጫ ጎማ የለውም። የመሙያ ጣቢያ በሌለበት መንገድ የመመለሻውን ኪሎ ሜትር ከመነሻው ማስላት ያስፈልጋል፤ በቻይና መለኪያ የተጻፈው ርቀት በእኛ ዳገት ላይ አይገኝም። ሲበላሽም በኋላ ጎማው እየተጎተተ መሄድ ስለሌለበት የሚጭነው መኪና መጥራት ግድ ነው። ቤት ውስጥ ለመሙላት ኤሌክትሪሺያኖች ግራውንድ የሚሉት የመሬት መስመር መኖሩን ሳያረጋግጡ ገመዱን አይሰኩ። ከከባድ ግጭት በኋላ ደግሞ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ሽቦዎች ማንም እንዳይነካ፤ ባትሪው ዘግይቶም ሊቀጣጠል ስለሚችል መኪናው ከቤትና ከሌሎች መኪኖች ርቆ ይቁም።

የማስጠንቀቂያ ጽሑፉ በቻይንኛ መሆኑም የደህንነት ጉዳይ ነው። “ፍሬንህን አስመርምር” የሚል መልእክት ማንበብ ለማይችል አሽከርካሪ መልእክቱ እንዳልመጣ ይቆጠራል። እንግሊዝኛ እናደርገዋለን የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ተቀይሮ ይዩት።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ፕራዶ 150 | አይዲ 4 (ቻይና የተሠራው) |
|---|---|---|
| ረጅም ቁልቁለት | በማርሽ ይያዛል፤ የፍሬን ዘይቱ ዕድሜ ይታይ | ባትሪው ካልሞላ በጣም ጥሩ፤ ከሞላ ደካማ |
| መገልበጥ | ረጅምና ለጭነት የተጋለጠ | ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ |
| ጠጠርና ጭቃ | ግልጽ ብልጫ | አይመከርም |
| ከፍታ ላይ መቅደም | ናፍጣው ጥሩ፤ 2.7 ቤንዚኑ ደካማ | በጣም ጥሩ |
| የግጭት ጥበቃ | እንደ ኤርባጉ ቁጥር ከደካማ እስከ ጥሩ | በጣም ጥሩ፤ ደረጃው ይጣራ |
| የመቀመጫ ብዛት | በብዛት ሰባት | አምስት |
| እግረኛ | አፍንጫው ከፍ ያለ፤ ራስ ሰር ፍሬን በጥቂቶቹ | ራስ ሰር ፍሬን በብዛት፤ ድምፁ ብዙም አይሰማም |
| መንገድ ላይ መቅረት | አያሳስብም | ጉዞ በስሌት |

ለማን የትኛው?

ኑሮው በማራኪ፣ በፒያሳና በአዘዞ መካከል ሆኖ አልፎ አልፎ ባሕር ዳር ለሚሄድ፣ ግቢው ውስጥ መሙያ ላለው አምስት ሰው ቤተሰብ አይዲ 4 ይመረጣል። በዚህ ላይ ብዙም አላመነታም።

ሥራው ወደ ደባርቅና ሳንቃበር ለሚወስደው፣ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ለሚገባ፣ ናፍጣ ፕራዶ። እሱም የመጋረጃ ኤርባግና የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ያለው ብቻ። እነዚህን ያሟላ እስኪገኝ መጠበቅ ይከብዳል፣ ገበያው ጠባብ ነውና። ቢሆንም ሁለት ኤርባግ ያለውን በሦስት ወር ፍለጋ ከተሰላቹ በኋላ መግዛት በመጀመሪያው ቀን ከመግዛት ጋር ያው ነው።

ገንዘቡ ለጠበበበት ገዢ ምክሬ ሻጮች የሚወዱት አይደለም። ያረጀና ባዶ የሆነ ፕራዶ ለስሙ ብሎ ከመግዛት፣ አነስ ያለ ነገር ግን ስድስት ኤርባግና የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ያለው ሌላ መኪና ይግዙ። በሁለቱ መካከል ቆርጦ ለወሰነም ቢሆን ከዋጋው ላይ ለአራት አዲስ ጎማ፣ ለፍሬን ሸራና ለፍሬን ዘይት የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥ። የጎማው ዕድሜ በጎኑ ላይ በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈውን ጥርሱ ቢያምርም ይተዉት።

ከመዋዋልዎ በፊት ደግሞ መኪናውን ወደ ጎሐ ኮረብታ ይንዱት። ዳገቱ መሐል ቆመው ፍሬኑን ሲለቁ ወደ ኋላ የሚንሸራተት መሆኑን ይዩ፤ ሲወርዱ በፕራዶው ዝቅተኛ ማርሽ፣ በአይዲ 4ው “ቢ” ላይ አድርገው ፍሬን ሳይነኩ ምን ያህል እንደሚይዝ ይሞክሩ። ከዚያ በጋራዥ ኮምፒውተር የኤርባግና የፍሬን ስህተቶች ይነበቡ፤ ለአይዲ 4 የባትሪው ጤና ይጨመርበት። ሻጩ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም ካለ ሊብሬውን መልሰው ሌላ መኪና ይፈልጉ።